በጄ ቋንቋ ቁጥርን ማስተካከል፦ መመሪያው የት ነው ያለው? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ጄ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ስሌቱ ልክ ነው፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ግን ለሰው የሚታይ አይደለም። መመሪያ ሊፈልግ ይገባና ባዶ እጁን ይመለሳል። እኔም እዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ደጋግመው የጠየቁኝን እና ራሴም ስጠይቅ የነበረውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

አንድ ነገር ከመጀመራችን በፊት። ኮዱ ውስጥ ጄ፣ ሲ፣ ኢ ወይም ዩ ብዬ የጻፍኩበት ቦታ ላይ እናንተ ኪቦርዱ ላይ ያለውን ትንሹን የላቲን ፊደል ነው የምትመቱት። ቁጥሮቹና ምልክቶቹ እንዳሉ ናቸው።

ጄ የቱ ነው?

ኬኔት አይቨርሰን ከሮጀር ሁዊ ጋር በ1990 አካባቢ የሠራው የአሬይ ቋንቋ ነው፣ ማለትም ብዙ ቁጥርን እንደ ዝርዝር ወይም ሠንጠረዥ በአንድ ጊዜ የሚያሠራ። አይቨርሰን ከዚያ በፊት ኤፒኤል የሚባለውን ቋንቋ የፈጠረ ሰው ነው፣ በ1979 የቱሪንግ ሽልማት አግኝቷል። ኤፒኤል የራሱ ልዩ ምልክቶች ስላሉት የተለየ ኪቦርድ ይፈልግ ነበር። ጄ ግን ማንኛውም ኪቦርድ ላይ ባሉት ምልክቶች ብቻ ይጻፋል። ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ የወለደውም እሱ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ለምንድነው ምንም የማላገኘው?

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ የቋንቋው ስም አንድ ፊደል ነው። አንድ ፊደል ጽፋችሁ ብትፈልጉ የዓለም ነገር ሁሉ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ቁጥር የሚያስተካክለው ትእዛዝ ይሄ ነው፦

   ":

ድርብ ትእምርተ ጥቅስና ሁለት ነጥብ፣ በቃ። መፈለጊያዎቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥርዓተ ነጥብን ዘለው ነው የሚያነቡት። ምልክቱን ብትጽፉ ባዶ ነገር እንደጻፋችሁ ይቆጥሩታል።

መፍትሔው በምልክቱ ሳይሆን በስሙ መፈለግ ነው። ጄ ውስጥ እያንዳንዱ ምልክት የእንግሊዝኛ ስም አለው። የዚህኛው ስም «ፎርማት» ነው፣ ብቻውን ሲሠራ ደግሞ «ዲፎልት ፎርማት» ይባላል። ስሙን በእንግሊዝኛ ጻፉና «ጄሶፍትዌር» (የጄ አዘጋጅ) ወይም «ኑቮክ» (የጄ ዊኪ የቃላት ሠንጠረዥ) የሚለውን አብራችሁ አስገቡ። ያኔ ውጤቱ ሌላ ነው። እኔ ይቺን እስካውቅ ድረስ የጄ መመሪያ ጎደሎ ነው ብዬ አምን ነበር። ጎደሎ አይደለም፣ በጣም ጥሩ መመሪያ ነው፣ በሩን ማወቅ ነው የሚያስቸግረው።

እሺ፣ ታዲያ መመሪያው የት ነው?

ሦስት ቦታ ተበታትኗል። ሰው የሚደናገረውም ለዚህ ነው፤ አንዱን ገጽ አግኝቶ «ያለው ይሄ ብቻ ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

የመጀመሪያው የምልክቱ የራሱ ገጽ ነው። ኑቮክ የሚባለው የጄ ዊኪ የቃላት ሠንጠረዥ ላይ ምልክቶቹ በሙሉ ተደርድረዋል። ፎርማትን ፈልጋችሁ ስትነኩት ማብራሪያውና ምሳሌው ይከፈታል። ስፋት፣ ከነጥብ በኋላ ያለው አሃዝ፣ ዓምድ የመሳሰለው እዚህ ነው።

ሁለተኛው «ፎሪን» የሚባለው ክፍል ነው። ጄ ውስጥ !: የሚባል ምልክት አለ፣ በግራና በቀኙ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በቁጥሮቹ መሠረትም የተለያየ ሥራ ይሠራል። ፋይል ማንበብ፣ ሰዓት ማየት፣ ሌላም ብዙ ነገር። ከነዚህ ውስጥ በ8 የሚጀምሩት ቁጥር ለማስተካከል የተሠሩ ናቸው። ኮማ ማስገባት፣ ነጋቲቩን በቅንፍ ማድረግ፣ ዜሮውን በሌላ ጽሑፍ መተካት ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የፎርማት ገጹን ብቻ ያነበበ ሰው «ጄ ኮማ አያስገባም» ብሎ የሚደመድመው ይሄን ስላላየ ነው።

ሦስተኛው እዚያው ፎሪን ውስጥ በ9 የሚጀምረው ቡድን ነው። ይሄ የጄ አጠቃላይ ሴቲንግ ነው። ስክሪን ላይ ስንት አሃዝ ይታይ የሚለውን የምትቀይሩት እዚህ ነው።

ከነዚህ ሌላ ዲክሽነሪ የሚባለው የድሮው መመሪያ አለ። አንድ ምልክት በአንድ ገጽ፣ እጥር ምጥን ያለ። ለጀማሪ ይከብዳል፣ እያንዳንዱ ቃል ሥራ ስላለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። የእኔ ምክር መጀመሪያ ኑቮክን አንብቡ፣ ቁርጥ ያለውን ሕግ ማወቅ ስትፈልጉ ወደ ዲክሽነሪው ሂዱ። ጄኪውቲ በሚባለው መስኮት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ጠቋሚውን ምልክቱ ላይ አድርጋችሁ ኮንትሮልንና ኤፍ1ን አብራችሁ ብትጫኑ ቀጥታ ወደ ምልክቱ ገጽ ይወስዳችኋል። ይቺን ልመዱ፣ ብዙ ጊዜ ታድናለች።

ገጹን ከፈትኩት። ቨርብ፣ ሞናድ፣ ዳያድ ይላል። ምን ማለቱ ነው?

አይቨርሰን የቋንቋውን ክፍሎች የሰየማቸው ከሰዋስው ነው። ዳታው ስም ነው፣ የሚሠራው ትእዛዝ ግስ ነው፣ ተውሳከ ግስና መስተጻምርም አሉት። አማርኛ ሰዋስው ለተማረ ሰው ይሄ አያስደነግጥም።

ሞናድ ማለት ግሱ በቀኙ ብቻ ዳታ ሲኖረው ነው። ዳያድ ደግሞ በግራም በቀኝም ሲኖረው። አንዱ ምልክት በሁለቱ መንገድ ሁለት የተለያየ ሥራ ይሠራል፣ ስለዚህ ገጹ ላይ የምታነቡት የቱን እንደሆነ ርዕሱን እዩ። ለእኛ ጉዳይ፦

   ": 3.14159
   8ጄ2 ": 3.14159

የላይኛው ሞናድ ነው፣ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል። የታችኛው ዳያድ ነው፣ በግራ በኩል እንዴት እንደሚጻፍ ነግረነዋል።

1234567.89 ብዬ ጻፍኩ፣ 1.23457ኢ6 አለኝ። ሳንቲሙ የት ሄደ?

የትም አልሄደም። ቁጥሩ ውስጥ አለ፣ የተቆረጠው ማሳያው ነው።

ጄ ነጥብ ያለውን ቁጥር ሲያሳይ በራሱ 6 ዋና አሃዝ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሙሉ ቁጥርን ግን አይነካም። ስለዚህ 1234567 ብትሉት ሙሉውን ያሳያል፣ 1234567.5 ስትሉት ግን ወደ 1.23457ኢ6 ይገባል። ኢ6 ማለት በ10 ላይ 6፣ ማለትም በሚሊዮን ሲባዛ ነው።

እኔን ይሄ ግማሽ ቀን በልቶኛል። የእቁብ ሂሳብ ነበር የምሠራው፣ የዓመቱ ድምር ሚሊዮን አለፈና ቁጥሩ እንዲህ ሆኖ ወጣ። ፋይሉን ሳነብ የተበላሸ መሰለኝ። ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን መስመር ፈተሽኩ፣ ድምሩን በካልኩሌተር ደገምኩት። ሁሉም ልክ ነበር።

አሁን ያለውን ለማየት፦

   9!:10 ''

6 ይላችኋል። ወደ 12 ለማሳደግ፦

   9!:11 ] 12

መሀል ያለችውን ] እንዳትረሱ። እሷ ከሌለች ጄ 11 እና 12ን አንድ ላይ አያይዞ እንደ ዝርዝር ያነባቸዋል። ጄን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ቁጥሩ ወደ 6 ይመለሳል።

ለአንድ ጊዜ ብቻ ከፈለጋችሁ አጠቃላይ ሴቲንጉን መንካት አያስፈልግም፦

   ":!.12 % 3

% 3 ማለት 1 ለ3 ሲካፈል ነው፣ 0.333333333333 ያወጣል። ግን እስከ 17 ድረስ አትግፉት፣ 0.1 ራሱ 0.10000000000000001 ሆኖ ይመጣባችኋል። ይሄም የጄ ስህተት አይደለም፣ ኮምፒውተር 0.1ን በሁለትዮሽ ልክክ አድርጎ መያዝ ስለማይችል ነው።

ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲሆን እንዴት ላድርግ?

   0ጄ2 ": 1234567.891

መልሱ 1234567.89 ነው። ግራ ያለው ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። በጄ 8ጄ2 የሚባለው ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው፣ ከሂሳብ ክፍል የምታስታውሱት። ፎርማት ሁለት መረጃ በአንድ ቁጥር ለመያዝ ተጠቀመበት። የመጀመሪያው ክፍል ስፋት ነው፣ ሁለተኛው ከነጥብ በኋላ ያለው አሃዝ ብዛት። ስፋቱን 0 ካላችሁት «የሚበቃህን ያህል ውሰድ» ማለት ነው።

ገጹ ላይ ስለ ኮምፕሌክስ ቁጥር ሲያወራ ብዙ ሰው «የተሳሳተ ቦታ መጣሁ» ብሎ ይወጣል። አትውጡ፣ ቦታው እሱ ነው። ግራ ላይ ተራ ቁጥር ብቻ ካደረጋችሁ ደግሞ ስፋት ብቻ ነው የሰጣችሁት፣ ነጥብ አይኖርም፦

   0 ": 1234567.89

1234568 ይሆናል። ቅድም ያየነውን በኢ የሚጻፈውን ዓይነት ሆን ብላችሁ ከፈለጋችሁ የአሃዙን ብዛት ነጋቲቭ አድርጉት፣ 0ጄ_3 እንደማለት።

ኮከብ ብቻ ወጣብኝ!

   5ጄ2 ": 1234.5

ይሄ ***** ያወጣል። 1234.50 ለመጻፍ 7 ቦታ ያስፈልጋል፣ እናንተ 5 ሰጣችሁት። ቁጥሩን ቆርጦ ከሚዋሻችሁ ቦታው አልበቃኝም ይላችኋል። ስፋቱን አሳድጉ ወይም 0 አድርጉት።

ሠንጠረዥ አለኝ፣ እያንዳንዱ ዓምድ የራሱ አጻጻፍ እንዲኖረው እፈልጋለሁ።

ጄ እዚህ ላይ በጣም ነው የሚያምረው። በሌላ ቋንቋ ሉፕ የሚያስጽፋችሁ ነገር እዚህ ግራ ላይ ለየዓምዱ አንድ አንድ ቁጥር መደርደር ብቻ ነው፦

   4 10ጄ2 ": 2 2 $ 1 250.5 2 1300.75
   1    250.50
   2   1300.75

2 2 $ ቁጥሮቹን ሁለት በሁለት ሠንጠረዥ ያደርጋቸዋል። የመጀመሪያው ዓምድ 4 ቦታ ያለ ነጥብ፣ ሁለተኛው 10 ቦታ ከሁለት አሃዝ ጋር። ነጥቦቹ አንዱ ካንዱ ሥር ተሰልፈው ይወርዳሉ። ግራ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ለሁሉም ዓምድ እሱው ይሠራል።

አንድ ዝርዝር ላይ ": ብትሉ ግን ሁሉንም በአንድ መስመር አያይዞ አንድ ጽሑፍ ነው የሚሰጣችሁ። ቁጥሮቹ ተነጣጥለው እንዲቀመጡ ከፈለጋችሁ ":&.> በሉ፣ እያንዳንዱ በየሳጥኑ ይገባል።

ሺውን በኮማ መለየት አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን በ": አይደለም። ቅድም ያልኳችሁ የ8 ቡድን ጋ ሂዱ፦

   'ሲ15.2' 8!:2 (1234567.891)

1,234,567.89 ከፊቱ ሦስት ባዶ ቦታ ይዞ ይወጣል፣ ስፋቱ 15 ስለሆነ። ሲዋ ናት ኮማ የምታስገባው። እዚህ ስፋትና አሃዝ የሚለየው በነጥብ ነው፣ በጄ ፊደል አይደለም፣ ሁለቱን እንዳታምታቱ። ለተለያየ ዓምድ የተለያየ ነገር ስትፈልጉ በኮማ እየለያችሁ ትጽፋላችሁ።

በስተቀኝ ያለው ቁጥር መልሱ በምን መልክ ይምጣ የሚለውን ይወስናል። 8!:0 እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻው በሳጥን ያስቀምጣል። 8!:1 በየዓምዱ። 8!:2 ደግሞ ለማተም የተዘጋጀ የፊደል ሠንጠረዥ ይሰጣል። ለሪፖርት የምትፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ነው።

ገጹ ላይ የአማራጭ ፊደሎቹ ዝርዝር አለ። ከልብ አንብቡት፣ ሂሳብ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ ነው።

ነጋቲቭ ቁጥሬ ፊት አንደርስኮር መጣ። ምንድን ነው?

የጄ ነጋቲቭ ምልክት ነው። _5 ማለት ነጋቲቭ 5 ነው። - ግስ ነው፣ ይቀንሳል ወይም ምልክት ይገለብጣል። _ ግን የቁጥሩ አካል ነው። ስትለምዱት ደስ ይላል፣ ጄን ለማያውቅ ሰው የሚላክ ሪፖርት ላይ ግን ግራ ያጋባል። 8!: ስትጠቀሙ በራሱ በ- ይጽፈዋል። ለሰው የሚታይ ነገር ከሆነ እሱን ምረጡ።

ካስተካከልኩት በኋላ መደመር እምቢ አለኝ።

ጽሑፍ ሆኗላ። ፎርማት ያደረጋችሁት ነገር ከዚያ በኋላ ቁጥር አይደለም፣ የፊደል ሰልፍ ነው። ስለዚህ ሁሌም ስሌቱን ጨርሱ፣ ማስተካከሉን መጨረሻ ላይ አድርጉ። ጄ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሠራ ይሄ በአጻጻፉም ይታያል፦

   0ጄ2 ": 5 + 3

መጀመሪያ ይደምራል፣ ከዚያ 8.00 ብሎ ይጽፋል። ገልብጣችሁ 5 + 0ጄ2 ": 3 ብትሉ ግን ቁጥርን ከጽሑፍ ጋር ደምር ማለት ነው፣ «ዶሜን ኤረር» ይላችኋል።

የምትፈልጉት ቁጥሩ ራሱ እንዲጠጋጋ ከሆነ ያ ሌላ ሥራ ነው፦

   100 %~ <. 0.5 + 100 * 3.14159

ይሄ 3.14 የሚል እውነተኛ ቁጥር ይሰጣል። ከጽሑፍ ወደ ቁጥር ለመመለስ ደግሞ ". አለ፣ ሁለት ነጥቡ በአንድ ነጥብ ተተካ ማለት ነው፦

   0 ". '1,234,567.89'

ኮማውን ዘሎ ያነበዋል። ማንበብ ያቃተው ቦታ ላይ ግራ ያለውን 0 ያስገባል።

እንዳሳያችሁን ጻፍኩት፣ «ስፔሊንግ ኤረር» ይለኛል።

ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ነው? ብዙ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ሁለት ነጥብ ስትመቱ የሚወጣው ፡ ነው፣ የእኛው የቃል መለያ። በዓይን ከ: ጋር አንድ ነው የሚመስለው። ለጄ ግን የማያውቀው ፊደል ነው። ሌላው ደግሞ ኮዱን ከቴሌግራም ወይም ከወርድ ኮፒ ስታደርጉ ቀጥ ያለው ትእምርተ ጥቅስ ወደ ተጠማዘዘው ይቀየራል። ምልክቷን አጥፉና ኪቦርዱን እንግሊዝኛ አድርጋችሁ በእጃችሁ ጻፏት።

መጨረሻው ላይ «ብር» ማለት እፈልጋለሁ።

   (0ጄ2 ": 250.5) , ' ብር'

250.50 ብር። ቅንፉ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ጄ ከቀኝ ጀምሮ መጀመሪያ 250.5ን ከጽሑፉ ጋር ሊያያይዝ ይሞክራል።

ችግር የሚመጣው የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ዓምድ ስታሰልፉ ነው። ይሄንን ሞክሩ፦

   # 'ብር'

2 ትጠብቃላችሁ፣ 6 ይላችኋል። ጄ ተራ ጽሑፍን የሚቆጥረው በባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ8 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ የአማርኛ ስም ያለበትን ዓምድ በባይት ለክታችሁ ባዶ ቦታ ብትሞሉ ሰልፉ ይጣመማል። መጀመሪያ 7 ዩ: ብላችሁ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ ከዚያ ቁጠሩ።

የሲ ቋንቋን ለምጃለሁ፣ እንደ ሲ ፕሪንትኤፍ (ቁጥር አስተካክሎ መጻፊያ) የለም?

አለ፣ እንደ ተጨማሪ ፓኬጅ። ፎርማት በሚለው የአድኦን ክፍል ውስጥ ፕሪንትኤፍ በሚል ስም ታገኙታላችሁ፣ በጄ ፓኬጅ ማኔጀር ይጫናል።

ኤፒኤል ላይስ?

ምልክቱ ⍕ ነው፣ ስሙ እዚያም ፎርማት ነው። ስፋትና አሃዝ በሁለት ቁጥር ይሰጣል፦

   10 2⍕3.14159

ሰፋ ላለ ሥራ ኳድ ኤፍኤምቲ የሚባለው አለ። ዳያሎግ የሚባለው ኤፒኤል ላይ ጠቋሚውን ምልክቱ ላይ አድርጋችሁ ኤፍ1 ብትጫኑ መመሪያው ይከፈታል።

ቁጥሩን በግዕዝ አኃዝ ማውጣት ይቻላል?

የተዘጋጀ ትእዛዝ የለም፣ መመሪያው ውስጥም አትፈልጉት። ግን መሥራት ይቻላል። አኃዝ በአኃዝ መተካት አይሠራም፣ በግዕዝ ዜሮ የለማ። 2017 የሚጻፈው ፳፻፲፯ ተብሎ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሁለት አድርጎ መክፈል ነው፦

   100 100 #: 2017

20 እና 17 ይሰጣል። 17ን ደግሞ 10 10 #: 17 ብላችሁ 1 እና 7 ታደርጉታላችሁ። ዩኒኮድ ላይ ከ፩ እስከ ፱ ከ4969 እስከ 4977 ተቀምጠዋል፣ ከ፲ እስከ ፺ ከ4978 እስከ 4986፣ ፻ 4987 ላይ፣ ፼ 4988 ላይ። ስለዚህ፦

   4 ዩ: 4978 4975

፲፯ ያወጣል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ዜሮ የሆነው ቦታ ይዘለላል፣ አይጻፍም። መቶ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ፻ ነው የሚባለው፣ ፩፻ አይባልም።